የልጅ ውፍረት የማን ጥፋት ነው?

በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ የጅምላ መደብሮች ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ በካርቶንና በሳጥን እየተጫነ ወደ ሰፈር ሱቆች ይጓዛል። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ብዙ ወላጆች ደግሞ የፋፋ ልጅ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ይህ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩት ግን 1 በመቶ ያህል ብቻ።

ለውፍረት ዘርም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን በዘር ጉድለት ምክንያት የማይመረትላቸውን ሁለት ልጆች አገኙ። አንዷ በስምንት ዓመቷ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ሌፕቲን ለአንጎል የጥጋብን መልእክት ያደርሳል፤ ያ መልእክት ሲቀር ልጅ ረሃቡ አይበርድለትም። እንዲህ ያለውን ልጅ መቆጣት ግፍ ነው!

ይህ ጉድለት ግን እጅግ ብርቅ ነው። በአብዛኞቻችን ላይ የሚሠሩት ብዙ ጂኖች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ጉልበትም ትንሽ ነው። ጂን በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ የተለወጠው የሚበላውና የሚጠጣው፣ እንዲሁም የመጫወቻው ቦታ ነው። በለስላሳ ፈንታ ውኃ ማቅረብ ወላጅ ይችላል። በጭነት መኪና በተጨናነቀ መንገድ ላይ የኳስ ሜዳ መክፈት ግን አይችልም፤ ያ የከተማው ኃላፊነት ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለ መርሐ ግብር በተወሰኑ ቀናት መንገዶችን ለእግረኛና ለልጆች ጨዋታ ክፍት አድርጓል።