በነባር ቤቶች የሚገኙ የፊውዝ ሣጥኖችን ስለመተካት

የቤት ፊውዝ ቀዳሚ ተግባር የኤሌክትሪክ ሽቦን ከመጠን በላይ ከመጋል መጠበቅ ነው። በመስመሩ የሚያልፈው ጅረት ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው በላይ ሲሆን በፊውዙ ውስጥ ያለው ቀጭን ክር ቀድሞ ይቀልጥና መስመሩ ይቋረጣል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤቶች የተቃጠለው ክር የሚተካው ከኬብል በተላጠ የመዳብ ሽቦ ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ጅረቱ ወደ 80 አምፔር ካልተጠጋ አይቀልጥም። ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በአንጻሩ በ16 ወይም በ20 አምፔር ፊውዝ እንዲጠበቅ የታሰበ ነው። በመሆኑም ቀድሞ የሚግለውና የሚቃጠለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል።

ጉዳዩ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነባር ሰፈሮች ልዩ ትኩረት ይሻል። የካዛንቺስ ስያሜ እንኳ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ የኢጣሊያ ተቋም ምኅጻረ ቃል የመጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከተዛወሩ ወዲህ በአንድ ግቢ በርካታ አባወራዎች የሚኖሩባቸው፣ ቆጣሪም የሚጋሩባቸው ቤቶች በአካባቢው ኖረዋል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙዎቹ የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል። በቀሩት ነባር ግቢዎች ግን ለጥቂት አምፖሎች ተብሎ የተዘረጋ መስመር ዛሬ ምጣድ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ ሊሸከም ይገደዳል። ግድግዳቸው የእንጨትና የጭቃ በሆኑ ተያያዥ ቤቶች ደግሞ በአንዱ ክፍል የተነሣ እሳት ከጎረቤት ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። 2,000 ዋት የሚወስድ ምድጃ ሲጨመር 25 አምፔር ይደርሳል። በበዓል ዋዜማ በየክፍሉ ምጣድ ሲጣድ የጋራው መስመር የሚሸከመውን ጭነት ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሮጌውን ሣጥን በብሬከር መተካት ጠቃሚ ነው። ብሬከር ጭነት ሲበዛ ወይም ኮንታክት ሲፈጠር በራሱ ይዘጋል፤ ክር መቀየርም አያስፈልገውም። ነገር ግን «እየወረደ አስቸገረ» ተብሎ ባለ16 አምፔሩ ብሬከር በባለ32 ቢለወጥና ሽቦው ያው ቢሆን አደጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የብሬከሩ መጠን የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት ነው፤ ስለዚህ ምጣድ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ተራ ብሬከር ሰውን ከንዝረት እንደማያድንም መታወቅ አለበት፤ ለሕይወት አስጊ የሆነው ጅረት ብሬከሩን ከሚያወርደው እጅግ ያንሳል። ለዚህ ሲባል ወደ መሬት የሚያፈተልክ ጅረት 30 ሚሊ አምፔር ሳያልፍ መስመሩን የሚያቋርጥ መከላከያ በሣጥኑ ውስጥ ይጨመራል፤ የመሬት ሽቦም ይዘረጋል። በአሮጌ ቤቶች የመሬት ሽቦ ብዙ ጊዜ የተዘነጋ ነው።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው የቤት ውስጥ መስመር የደንበኛው ኃላፊነት ነው። ቆጣሪውንና ማኅተሙን መንካት የሚችለው ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው። ሥራው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ መከናወን ይኖርበታል። የቀበሌ ቤት ተከራዮች አስቀድመው ለወረዳቸው ቢያስታውቁ፣ ቆጣሪ የሚጋሩ ጎረቤቶችም የሁሉም ክፍሎች ጭነት በአንድነት እንዲሰላ ቢያደርጉ ይመረጣል። በአንዱ ክፍል ብቻ የሚደረግ ለውጥ የጋራውን መስመር ጭነት አያቃልልም።

የሶኬት መሞቅ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ምጣድ ሲሰካ የአምፖል መደብዘዝ ሲታይ ሣጥኑ እስኪቀየር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ባለሙያ መጥራት ይገባል። እሳት ከተነሣ ኃይሉ ሳይቋረጥ ውኃ አይረጭም። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ነጻ ስልክ ይገኛል።