ቢሯችሁ ያለው ማረፊያ ክፍል በእርግጥ ያሳርፋል?

ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል? ስንፍና እንዳይመስላችሁ። በዚያ ሰዓት የሰውነታችን የውስጥ ሰዓት ራሱ ንቃታችንን ዝቅ ያደርገዋል፤ ከባድ ምሳ ሲጨመርበት ይብሳል። የሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ፣ ጥበቃ ወይም ሹፌር ደግሞ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት በጣም ይፈተናል። ስህተትና አደጋ የሚመጣውም እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ማረፊያ ክፍል አላቸው። ስትገቡ ግን ቲቪ ይጮሃል፣ መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ የወጥ ሽታ አለ፣ ስልካችሁም ይደወላል። እዚያ ማን ያርፋል?

ናሳ በረጅም በረራ አብራሪዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ 40 ደቂቃ የዕረፍት ጊዜ የተሰጣቸው በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኙ። ካላረፉት ይልቅም ንቁ ሆነው ተገኙ። የተኙት እዚያው መቀመጫቸው ላይ ነው! አልጋ አልነበራቸውም፤ የታወቀ ሰዓትና ሥራውን የሚሸፍንላቸው ባልደረባ ግን ነበራቸው።

ስለዚህ ክፍሉ እነዚህን ያሟላ፦

1. ወፍራም መጋረጃና ጸጥታ። ቲቪው ይውጣ፣ ምሳም ሌላ ቦታ ይበላ።
2. ወደኋላ የሚጋደም ወንበር ወይም ፍራሽ፣ ቶሎ ቶሎ ከሚታጠብ ልብስ ጋር።
3. ከውስጥ የሚቆለፍ በር። የሴትና የወንድ ቢለይ ደግሞ ማንም ሳይሳቀቅ ያርፋል።
4. ዋናው፦ ያረፈውን ሰው ሥራ የሚሸፍን ተተኪ ይመደብ። አለቃም ይጠቀምበት፤ እሱ ካልገባ ሠራተኛው "ሰነፍ እባላለሁ" ብሎ አይገባም።

ስንት ደቂቃ? ከ15 እስከ 20 ይበቃል፤ አላርም ሙሉ። ከ30 ደቂቃ ካለፈ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ስለምትገቡ ድንዝዝ ብላችሁ ትነሳላችሁ። እንደዚያ ከሆነ በደንብ እስክትነቁ መኪና አትንዱ። ቡና ካማራችሁ ከመጋደማችሁ በፊት ጠጡ፤ ስትነሱ ካፌይኑ መሥራት ይጀምራል። የቀን ሠራተኞች ግን ከ10 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅርባችሁ፣ የማታ እንቅልፍ ይነሳችኋል።

ማታ በቂ ተኝታችሁም ቀን ቀን የምታንጎላጁ ከሆነ፣ በተለይ ካንኮራፋችሁ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት ወይም እንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ሊሆን ይችላል።

"ቦታ የለንም" ለሚሉ አለቆች፦ አሮጌ ወንበርና ካርቶን የታጨቀባት አንዲት ክፍል አትጠፋም። እሷን አራግፉና ጀምሩ። እናንተም ይሄን ለኤችአራችሁ ሼር አድርጉላቸው።