የቆመ የወር አበባ ተመልሶ አይመጣም

ስለ ማህጸን በኛ ቤት ጮክ ተብሎ አይወራም፤ የናንተም ቤት ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። አክስቴ ካረጠች ከአራት ዓመት በኋላ ደም አይታ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለችው ለዚሁ ነው። ለእናቴ ስትነግራትም በቀልድ ነበር፤ «ልጅነቴ ተመለሰ መሰለኝ» ብላ።

ልጅነት ግን በዚህ መንገድ አይመለስም። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ከቆመ ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚታይ ደም አንድ ጠብታም ይሁን ቡናማ ፈሳሽ፣ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከማረጥ በኋላ ደም ካዩ 100 ሴቶች ካንሰር የሚገኝባቸው 9 ያህሉ ናቸው። ነገሩን ከሌላ በኩል ስታዩት ግን ይለወጣል፦ ካረጡ በኋላ የማህጸን ውስጠኛ ግድግዳ ካንሰር ከተገኘባቸው 100 ሴቶች 90ዎቹ ደም አይተው ነበር። እንዲህ አስቀድሞ የሚናገር ካንሰር ጥቂት ነው።

አክስቴ ሐኪም ቤት ሂጂ ስትባል «ካቻምና የማህጸን ካንሰር ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተብያለሁ እኮ!» አለች። እዚህ ላይ የሚያሳስተን አማርኛችን ነው፤ ሁለት በሽታ በአንድ ስም እንጠራለን። እሷ የተመረመረችው የማህጸን በር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባትም የማህጸን በር ካንሰርን ለመከላከል ነው። ውስጠኛው ግድግዳ ሌላ ቦታ ነው፣ ምርመራውም ሌላ።

ምርመራው በአብዛኛው በአልትራሳውንድ ይጀምራል። ግድግዳው 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያረጋጋል። ከወፈረ ወይም ደሙ ከተደጋገመ በቀጭን ቱቦ ናሙና ይወሰዳል፤ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያማል፣ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። የአክስቴ ግድግዳ ወፍሮ ነበር፤ ናሙናው ካንሰር አሳየ። ከማህጸን ሳይወጣ ስለተደረሰበት ማህጸኗ በቀዶ ሕክምና ወጣ።

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ወይም ስኳር ያለባት፣ ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት የበለጠ ትጠንቀቅ። በነገራችን ላይ፣ የስብ ሕዋስ ራሱ ኢስትሮጅን ሆርሞን ያመርታል፤ ይሄ ሆርሞን ከማረጥ በኋላም ግድግዳውን እያወፈረ ይቀጥላል።

እናንተ ገና ወጣት ሴቶችስ? በዚህ ዕድሜ ካንሰሩ ብርቅ ነው። ቢሆንም የወር አበባችሁ ለወራት እየጠፋ ድንገት በብዛት የሚመጣ ከሆነ፣ በሁለት የወር አበባ መሃል ደም የምታዩ ከሆነ ሐኪም ይያችሁ።

እናታችሁን ወይም እትዬን ስትልኩ ደግሞ ደሙ የታየበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ጻፉላቸው፤ ቢቻል አብራችሁ ሂዱ። ብዙ እናቶች ካርድ ክፍል ቆመው «ሆዴን ያመኛል» ብቻ ይላሉ። ሐኪሙ መስማት ያለበት «ካረጥኩ በኋላ ደም አየሁ» የሚለውን ነው።