ዕጩውን ማን ይመርጠዋል? ከኩልፎ ዳር የተጻፈ ዳሰሳ

በቅርብ ጊዜው የኢትዮጵያ ፖለቲካ የአገሪቱን መሪ የለየው ድምፅ የተሰጠው በቀበሌ ምርጫ ጣቢያ አይደለም። መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ በዝግ ተሰብስቦ ሊቀመንበሩን መረጠ። ምክር ቤቱ 180 መቀመጫ ነበረው፤ ለአራቱ አባል ድርጅቶች ለእያንዳንዳቸው 45። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረፅዮን ገብረሚካኤል 2 ድምፅ አገኙ። በስድስተኛው ቀን ፓርላማው አሸናፊውን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሰየመ።

ጉዳዩ ለአርባ ምንጭ ሰው ሩቅ አልነበረም። የካቲት 8 ቀን ሥልጣን ለመልቀቅ የጠየቁት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት የአርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዲን ነበሩ። ሁለተኛ የወጡት አቶ ሽፈራው ደግሞ የደኢህዴን ሊቀመንበር ነበሩ፤ ማለትም ያኔ ከሲቀላ እስከ ጨንቻ ድረስ ቀበሌውን፣ ወረዳውንና ዞኑን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት መሪ። ሆኖም ከኩልፎ ወንዝ ወዲህም ሆነ ወዲያ ማዶ የሚኖር፣ መዋጮውን በየወሩ የሚከፍል ተራ የደኢህዴን አባል በዚያ ምርጫ ድምፅ አልነበረውም። ድርጅቱ ድምፅ የሰጠው በ45 ሰው ነው።

ከዚያም ጠበብ ያለ ምርጫ ቀድሞ ተካሂዶ ነበር። የኦሮሞው ድርጅት የኦሕዴድ ሊቀመንበር አቶ ለማ መገርሳ የፌዴራሉ ፓርላማ አባል ስላልነበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊሆኑ አይችሉም ነበር። ስለዚህ የካቲት 15 ቀን ድርጅቱ ቦታ አቀያይሮ ዶክተር ዐቢይን ሊቀመንበር አደረገ። የአማራው ድርጅት መሪ አቶ ደመቀ መኮንን ደግሞ በምክር ቤቱ ውስጥ ራሳቸውን ከዕጩነት አገለሉ። የመጋቢቱን ውጤት የወሰኑት እነዚህ ሁለት እርምጃዎች ናቸው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም፤ የድምፅ ቆጠራው የመጣው ኋላ ነው። ያም ሆኖ 108 ለ59 እውነተኛ ፉክክር የታየበት ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ግን ብዙ አልቆየም፤ መስከረም 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ በተካሄደው 11ኛው የኢሕአዴግ ጉባኤ ዶክተር ዐቢይ ከ177 ድምፅ 176ቱን አገኙ። ከስድስት ወር ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተቃውሞው ከምክር ቤቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ማለት ይከብዳል። ተወዳዳሪ በሌለበት ምርጫ ድምፅ የሚገልጸው ምርጫን ሳይሆን መታዘዝን ነው።

አሜሪካውያን የፓርቲያቸውን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ በየክፍለ ሀገሩ ካርድ አውጥተው ይመርጣሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሥርዓት የማይኖርበት ሕጋዊ ምክንያት አለው። ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ እሱንም የሚያወጣው በፓርላማ አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ነው። ፕሬዚዳንቱን ደግሞ ዕጩ አድርጎ የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት ይሰይሙታል። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በ2011 ዓ.ም.፣ አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴም በ2017 ዓ.ም. የተሰየሙት በዚሁ መንገድ ነው። በመሆኑም ዜጋው በምርጫ ቀን የሚያገኘው ምርጫ ፓርቲዎቹ በየአዳራሻቸው አስቀድመው ያጠበቡትን ነው።

ሕገ መንግሥቱ ግን ይህን አዳራሽ አልዘነጋውም። አንቀጽ 38 ስለ መምረጥና መመረጥ መብት ሲደነግግ፣ በፖለቲካ ድርጅቶች ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚደረግ ምርጫም ነፃና ዴሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። ስለ ምርጫ በሚደረገው ክርክር ይህ ንዑስ አንቀጽ ሲጠቀስ ብዙም አይሰማም። ሁሉም ሰው የሚከራከረው ስለ ኮሮጆ፣ ስለ ታዛቢና ስለ ቆጠራ ነው።

የመራጭ ተሳትፎ የሚባለው ነገር የሚመዘነው ከማን አንጻር እንደሆነ ካልተለየ ማታለያ ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ከዘጠና በመቶ በላዩ ድምፅ መስጠቱን ምርጫ ቦርድ ገልጿል። አርባ ምንጭን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ሰው እስከ ሌሊት ድረስ ተሰልፎ ነበር። ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና ፓርቲ በዚያ ዙር ከተወዳደረባቸው 436 መቀመጫዎች 410 አሸነፈ። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ከመጋቢት 2 እስከ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ይኸው ፓርቲ የመጀመሪያ ጉባኤውን አካሂዶ ዶክተር ዐቢይን ፕሬዚዳንት፣ አቶ አደም ፋራህንና አቶ ተመስገን ጥሩነህን ምክትል ፕሬዚዳንቶች አድርጎ መረጠ። አባላቱን በሚሊዮን የሚቆጥረው ፓርቲ መሪውን የመረጠው ሁለት ሺህ በማይሞላ ጉባኤተኛ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ተሳትፎው መቶ በመቶ ሊሆን ይችላል፤ በአባላቱ ብዛት ሲካፈል ግን ከአንድ በመቶም እጅግ ያነሰ ነው።

ይህ ብልጽግና ብቻ የፈጠረው ጉድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥም እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በእነሱ አቆጣጠር ዕጩውን የሚወስኑት የፓርቲ ሹማምንት ነበሩ። በ1968 ሂዩበርት ሃምፍሪ በየክፍለ ሀገሩ በተደረገው የአባላት ምርጫ ሳይወዳደሩ የዴሞክራቶች ዕጩ ሆኑ። ጉባኤው በተካሄደባት ቺካጎ የተነሣው ሁከት ፓርቲውን ደንቡን እንዲቀይር አስገደደው፤ ደንቡን ያረቀቀውን ኮሚሽን የመሩት ጆርጅ ማክገቨርን በ1972 በዚያው አዲስ ደንብ ዕጩነቱን አሸነፉ፤ ከዚያም በዋናው ምርጫ ከአንድ ክፍለ ሀገርና ከዋና ከተማዋ በስተቀር ሁሉንም ተሸነፉ። በር ሲከፈትም ቢሆን የሚገባው ሰው ብዙ አይደለም፤ በ2016 ሁለቱ ፓርቲዎች ዕጩ ሲመርጡ ድምፅ የሰጠው የመምረጥ መብት ካለው ሕዝብ ሠላሳ በመቶ እንኳ አልሞላም። ኬንያ ደግሞ በተቃራኒው ተፈትናለች። በፈረንጅ አቆጣጠር በሚያዝያ 2017 ጁቢሊ ፓርቲ ዕጩዎቹን ለመምረጥ በጠራው ቀን ከተጠበቀው በላይ ሰው ወጥቶ የድምፅ መስጫ ወረቀት ስላጠረ ምርጫውን ሰርዞ ሌላ ቀን ለመጥራት ተገዷል።

ለኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው የደቡብ አፍሪካው ኤ.ኤን.ሲ. ነው፤ እሱም መሪውን የሚመርጠው በጉባኤተኛ ነው። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሲሪል ራማፎዛ 2,440 ድምፅ አግኝተው ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማን በ179 ብቻ በለጡ። ከጉባኤው ጥቂት ቀናት በፊት ከፍሪ ስቴት፣ ከክዋዙሉ ናታልና ከኖርዝ ዌስት የመጡ አንዳንድ ተወካዮች አመራረጣቸው ደንብ የጣሰ ነው ተብሎ በፍርድ ቤት ውሳኔ ድምፅ እንዳይሰጡ ተደርገዋል። ልዩነቱ በመቶዎች ሲሆን የጥቂት ቅርንጫፎች ተወካይ መግባትና አለመግባት የአገር መሪ ይቀይራል። በኔ አስተያየት የውስጠ ፓርቲ ምርጫ ፍትሐዊነት ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፤ ዋናው ነገር ጉባኤተኛው በማን ጥቆማ ተመርጦ እንደመጣ ነው። ወረዳ ላይ ካድሬው ስም ጠቁሞ፣ ስብሰባው እጅ አውጥቶ ካጸደቀ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሚዘጋጀው የሚስጥር ኮሮጆ ሊያስተካክለው የሚችለው ትንሽ ነው።

ይህ እንዳለ ሆኖ፣ አዳራሹ ውስጥ የእውነት ፉክክር የታየበት የቅርብ ምሳሌም አለን። ኢዜማ የተባለው ፓርቲ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ሲመሠረት የመሪነትንና የሊቀመንበርነትን ቦታ ለይቶ አስቀምጦ ነበር፤ አንዱ ለመንግሥት ሥልጣን የሚወዳደር፣ ሌላው ፓርቲውን የሚያደራጅ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በጠራው ጉባኤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና አቶ አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት ተወዳድረው ፕሮፌሰር ብርሃኑ አሸነፉ፤ ሊቀመንበርነቱን ዶክተር ጫኔ ከበደ ያዙ። ፕሮፌሰሩ ያኔ የትምህርት ሚኒስትር ስለነበሩ፣ ጉባኤው ‹‹ከመንግሥት ጋር እንሥራ ወይስ በተቃዋሚነት እንቁም?›› የሚለውን ጥያቄ በድምፅ የመለሰበት አጋጣሚም ነበር። ከዚያ በኋላ የተሸነፈው ወገን ቅር ብሎት ብዙዎች ከፓርቲው ወጥተዋል። ቢሆንም የተሸናፊው ድምፅ ቁጥር የታወቀበት ጉባኤ አንድ ድምፅ ብቻ ከጎደለበት ጉባኤ ይሻላል።

ጉባኤው ሲያጣላ ዳኛው ማነው? ምርጫ ቦርድ ነው፤ ታሪኩም አያስመካም። በ2000 ዓ.ም. የተቃዋሚውን የቅንጅትን ስም ለእነ አቶ አየለ ጫሚሶ ሰጠ። በጥር 2007 ዓ.ም.፣ ጠቅላላ ምርጫው አራት ወር ሲቀረው፣ የአንድነት ፓርቲን ዕውቅና ለእነ አቶ ትዕግሥቱ አወሉ፣ የመኢአድን ለእነ አቶ አበባው መሐሪ አጸደቀ። በሁለቱም ጊዜ መከራከሪያው የጉባኤ ሥነ ሥርዓት ነበር፤ ምልአተ ጉባኤ፣ ጥሪ፣ ደንብ። ምክንያቱ ሕጋዊ ቢመስልም ውጤቱ የነበረውን ተቃዋሚ ማፍረስ ሆነ፤ በዚያ ግንቦት ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ። ከለውጡ በኋላ ቦርዱ እንደገና ቢደራጅና በአዋጅ 1162/2011 ቢመራም ጥያቄው አልሞተም። ሕወሓት በነሐሴ 2016 ዓ.ም. 14ኛ ጉባኤውን ሲጠራ ቦርዱ ለመታዘብ እንዲችል ከ21 ቀን በፊት ሊነገረኝ ይገባ ነበር አለ፤ ፓርቲው ጉባኤውን ያለ ታዛቢ አካሄደ፤ ከአመራሩ አንዱ ክንፍ ራሱ አልተገኘም። ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ቦርዱ ሕወሓትን ሰረዘ። የጉባኤ አጠራር ጉድለት የአንድን አንጋፋ ፓርቲ ሕልውና እንደሚያሳጣ ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ጋሞ ምድር ስንመለስ፣ መሪ በአደባባይ መምረጥ ለዚህ አገር እንግዳ አልነበረም። በደጋው ያሉ ደሬዎች፣ ማለትም የጋሞ አገሮች፣ ጉዳያቸውን የሚወስኑት ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ጉባኤ ነው፤ ንጉሡ ካዎ ሥልጣኑን በዘር ሲወርስ ሹሙ ሀላቃ ግን በጉባኤው ይመረጣል፤ ሲሾምም ድግስ ደግሶ አገሩን ያበላል። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ባለችው ኦቾሎ በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥናት ያካሄደው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ ይህን የዱቡሻ ፖለቲካ መጽሐፍ አድርጎ ጽፎታል። የሚገርመው፣ ኋላ ላይ እንዲሁ ቁጭ ብሎ ያጠናው የአውሮፓን ፓርላማ ነው። በዱቡሻ ድምፅ አይቆጠርም፤ ነገሩ እስኪበስል ይነገራል፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢቃወም እንኳ ይደመጣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ ጋሞዎች ከተገደሉ በኋላ ለበቀል የተነሣውን የአርባ ምንጭ ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት ሽማግሌዎች ጉልበታቸው የመጣው ከዚህ ልማድ ነው።

ግን ይህን አሞግሶ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። በዱቡሻው ሙሉ ቦታ ያለው ‹‹ማላ›› የሚባለው ወንድ ነው። ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ደጋላ፣ ሴቶችም በሙሉ ከውጭ ነበሩ። ንግግሩ ክፍት ነው፤ በሩ ግን ዝግ። ዱቡሻው አዲስ አበባ ከተሰበሰበው የኢሕአዴግ ምክር ቤት የሚለየው ከውስጥ ያለው በነፃነት መናገሩ ነው እንጂ፣ ማን ይግባ የሚለውን ጥያቄ ሁለቱም በዝምታ አልፈውታል።

የጋሞ ሰው በቀጥታ የተጠየቀበት የቅርብ ጊዜ ምርጫ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በነጭ እርግብና በጎጆ ቤት ምልክት መካከል መርጠው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ቦርዱ በወላይታ ዞን የታየው ጥሰት ከባድ ነው ብሎ የዞኑን ውጤት ሰርዞ ሰኔ 12 ቀን አስደገመ። አንድ ዞን ሙሉ ምርጫ መድገም የቻለ ተቋም፣ የፓርቲ ጉባኤተኛ በወረዳ ደረጃ እንዴት እንደተመረጠ ለማየትም አቅም አያንሰውም። ፓርቲዎችም ቢሆኑ የጉባኤተኞቻቸውን ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ከየት ወረዳ በስንት ድምፅ እንደመጣ፣ ዕጩዎችም ስንት ስንት እንዳገኙ ለአባላቱ ማሳወቅ ይችላሉ፤ ይህ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። የፓርቲ አባል ከሆኑ፣ በሚቀጥለው የወረዳ ስብሰባ ላይ ወረዳዎን ወክሎ ወደ ጉባኤ የሄደው ሰው ማን እንደነበርና በማን እንደተጠቆመ ይጠይቁ።