የመጨበጥ ጉልበት ውድድርና የጌዴኦ እጆች

የመጨበጥ ጉልበት የሚባለው አራቱ ጣቶችና አውራ ጣት አንድን ዕቃ ከበው በአንድ ጊዜ ሊያሳርፉበት የሚችሉት ከፍተኛ ኃይል ሲሆን፣ በሕክምናም ሆነ በስፖርት ሳይንስ የመላ አካልን ብርታት በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ለመገመት ከሚያገለግሉ መለኪያዎች አንዱ ነው። ይህን ጉልበት ለፉክክር ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ቶማስ ኢንች 78 ኪሎ ግራም የሚመዝንና እጀታው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚወፍር ብረት እያቀረበ በአንድ እጅ የሚያነሣ ሰው ካለ ይሞክር ይል ነበር፤ ገመድ ጉተታም ከ1900 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. ድረስ ከኦሊምፒክ ጨዋታዎች አንዱ ነበር። በኢትዮጵያም ገመድ ጉተታ በሠራተኞች የስፖርት ውድድሮች ላይ ከእግር ኳስ፣ ከቼዝና ከገበጣ ጋር ይካሄዳል፤ በዚህ ጨዋታ ቡድኑን የሚያሸንፈው የእግርና የወገብ ብርታት ቢሆንም፣ ያ ሁሉ ብርታት ወደ ገመዱ የሚደርሰው በተጨበጡ ጣቶች በኩል ብቻ ነው። በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ደግሞ እጅ ከማለዳ እስከ ማታ በእንሰትና በቡና ሥራ ላይ ስለሚውል፣ የመጨበጥ ውድድር በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በመሥሪያ ቤት ሲታሰብ መልስ የሚሹ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ የሚለካው የትኛው ጭበጣ ነው፣ ተወዳዳሪዎቹ የሚቀርቡት በእኩል ሁኔታ ነው ወይ፣ በመዝገብ ላይ የሚቀረው ቁጥርስ ከውድድሩ በኋላ ለማን ይጠቅማል?

ለጥያቄዎቹ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ እጅ እንዴት እንደሚጨብጥ መረዳት ያስፈልጋል። ጣቶችን የሚያጥፉት ኃይለኛ ጡንቻዎች የሚገኙት በእጅ መዳፍ ውስጥ ሳይሆን በክርንና በእጅ አንጓ መካከል ባለው የክንድ ክፍል ሲሆን፣ ጉልበታቸውን ወደ ጣቶች የሚያስተላልፉት ጅማቶች በእጅ አንጓ ላይ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ፤ በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ዘጠኝ ጅማቶችና ለአውራ ጣት፣ ለጠቋሚና ለመሐል ጣት ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ጎን ለጎን ተጨናንቀው ይገኛሉ። ጣቶቹ በሚታጠፉበት ጊዜ በክንድ ጀርባ በኩል ያሉት ጡንቻዎች አንጓውን ወደ ኋላ ጎትተው ካላጸኑት አጣፊዎቹ ጡንቻዎች ከልክ በላይ ስለሚያጥሩ ጉልበታቸው ይወድቃል። አንባቢ ይህን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል፤ አንጓውን ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻው አጥፎ ጡጫ ለመጨበጥ ቢሞክር ጣቶቹ እንደሚላሉ፣ አንጓውን ጥቂት ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ቢጨብጥ ግን ጡጫው እንደሚጠብቅ ወዲያው ይሰማዋል። ስለዚህ ጥሩ ጨባጭ የሚባለው ጣቱን የሚያጥፍበት ጡንቻ ብቻ ሳይሆን አንጓውን የሚያጸናበት ጡንቻም የዳበረለት ሰው ነው።

የጭበጣ ዓይነት አንድ ብቻ አይደለም፤ በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ቢያንስ ሦስቱን ለይተው ያያሉ። የመጀመሪያው መጭመቅ ሲሆን፣ በመዳፍ ውስጥ ያለን ነገር በጣቶች አጥብቆ መጫን ነው፤ ሁለተኛው መቆንጠጥ ሲሆን፣ በአውራ ጣትና በሌሎች ጣቶች ጫፍ መካከል መያዝ ነው፤ ሦስተኛው ይዞ መቆየት ሲሆን፣ ከባድ ነገር ከእጅ እንዳያመልጥ ጣቶችን ሳያላሉ መጽናት ነው። ሦስቱም በጌዴኦ የዕለት ሥራ ውስጥ በግልጽ ይታያሉ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዋና መሠረቱ እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን በአንድ ማሳ ላይ አደራርቦ የሚያለማው ነባር የእርሻ ሥርዓት ነበር፤ ያ ሥርዓት ደግሞ ቁልቁለቱ ለማሽን የማይመች በመሆኑ ዛሬም በአብዛኛው በእጅ የሚሠራ ነው።

መጭመቅን በቅርብ ለማየት የእንሰት ዝግጅትን መመልከት ይበቃል። ሴቲቱ የእንሰቱን ግንድ የሠሩትን ወፋፍራም ሽፋኖች አንድ በአንድ ለይታ በዘመመ ሳንቃ ላይ ታጋድማለች፤ የላይኛውን ጫፍ በእግሯ ረግጣ ይዛ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ስትፍቀው ሥጋው ከቃጫው ይለያል። ከዚያ የተፋቀውን እርጥብ ሥጋ በሁለት እጆቿ እየጨበጠች ትጨምቃለች፤ ከጣቶቿ መካከል የሚወርደው ነጭ ውኃ ሲረጋ በሥሩ የሚዘቅጠው ቡላ ይሆናል፣ የቀረው ደግሞ በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እየቦካ ቆይቶ ቆጮ ይሆናል። ቆጮው ለመጋገር ሲወጣም ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ እንደገና በእጅ ይጨመቃል። ይህ በአንድ ጊዜ ታላቅ ኃይል የማውጣት ሥራ ሳይሆን መካከለኛ ኃይልን ያለማቋረጥ የመደጋገም ሥራ ነው፤ ስለዚህ እጁ የሚያዳብረው ጽናትን ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ደግሞ ለቃሚው ቀይ ፍሬውን ከአረንጓዴው እየለየ በአውራና በጠቋሚ ጣቱ አንድ በአንድ ቆንጥጦ ይቀነጥሳል፤ ቅርንጫፉ ሳይሰበር ፍሬው ብቻ እንዲወጣ ኃይሉን መጥኖ መቆንጠጥ አለበት። በመጋዘን የሚሠሩት ጫኝና አውራጆች በበኩላቸው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን የቡና ጆንያ በጠርዙ ይዘው ሲያነሡ፣ እጀታ በሌለው ጨርቅ ላይ ጣቶቻቸው እንዳይንሸራተቱ የሚያደርጉት ይዞ የመቆየት ጉልበታቸው ነው።

በብዙ ቦታ የጭበጣ ውድድር የሚካሄደው አንድ ጊዜ ብቻ በሚጨመቅ መለኪያ ስለሆነ ከእነዚህ ሁሉ የሚለካው የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ጽናቱ ሳይሆን የአንድ አፍታ ጣሪያው ነው። ቆጮ ስትጨምቅ የኖረች እናት በእንዲህ ዓይነቱ መለኪያ በወጣት ስፖርተኛ ልትበለጥ ትችላለች፤ ውድድሩ ግን መለኪያውን ግማሽ ኃይል ላይ ይዞ የመቆየት ቢሆን ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። አዘጋጆች አንድ አሸናፊ ብቻ ከመሰየም ይልቅ በጨመቃ፣ በቁንጠጣና ይዞ በመቆየት ለየብቻ ቢያወዳድሩ፣ ስፖርተኛው፣ ገበሬው፣ የቤት እመቤቷና ጫኝና አውራጁ እያንዳንዳቸው ሥራቸው ያዳበረላቸውን አቅም ይዘው መድረክ ላይ ይወጣሉ።

ቀጣዩ ጉዳይ የአለካክ ሥርዓት ነው። ጉልበቱን የሚለካው መሣሪያ ዳይናሞሜትር ይባላል፤ በሕክምና ተቋማት በስፋት የሚታወቀው ጃማር የተባለው ዓይነት በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ፣ እጀታው በአምስት ደረጃ የሚሰፋና የሚጠብ፣ እስከ 90 ኪሎ ግራም የሚለካ ሲሆን፣ እጅ ከላላ በኋላም ከፍተኛው ውጤት ላይ ቆማ የምትቀር መርፌ አለችው። በእጅ ሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ሥርዓት ተለኪው እግሮቹን መሬት አስረግጦ እንዲቀመጥ፣ የላይኛው ክንዱ ከጎኑ እንዲጠጋ፣ ክርኑ 90 ዲግሪ እንዲታጠፍ፣ አንጓውም ቀጥ ከማለት እስከ 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ቀና እንዲል፣ ልኬቱም በመካከሉ ዕረፍት እየተሰጠ ሦስት ጊዜ እንዲደገም ያዛል። በትምህርት ቤቶች የሚገኙት ባለ ሞላ መለኪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዙት ቆሞ ክንድን ወደ ታች ዘርግቶ ነው። በሁለቱ አቀማመጦች ወይም በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች የተገኙ ቁጥሮች እርስ በርስ መነጻጸር ስለማይገባቸው፣ አንዱ ተወዳዳሪ ተቀምጦ ሌላው ቆሞ የተለካበት ውድድር በመዝገብ ላይ ቢሰፍርም ውጤቱ ተቀባይነት የለውም።

በተግባር ሲታይ ልዩነት የሚፈጥሩት ትናንሽ ነገሮች ናቸው። ተወዳዳሪው ክርኑን በጎድኑ ላይ ተጭኖ መላ ሰውነቱን ሲያዘነብል፣ መለኪያውን በጭኑ ላይ ሲያስደግፍ ወይም በድንገት ወደ ታች ሲወዘውዘው መርፌዋ ከእውነተኛ ጉልበቱ በላይ ትዘላለች፤ ይህን ማየት ያለበት ከተመልካች ጋር የሚያጨበጭብ ሰው ሳይሆን ዓይኑን ከክርኑ ላይ የማያነሣ ዳኛ ነው። እጀታው ለሁሉም በአንድ ስፋት መቀመጡም እኩልነት መስሎ ይታያል እንጂ አይደለም፤ ትንሽ እጅ ያላት ሴት ለትልቅ እጅ በተዘጋጀ እጀታ ላይ ጣቶቿ በቂ መታጠፊያ ስለማያገኙ ጉልበቷ ሳይወጣ ይቀራል። እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅም ውሎ የመጣ ሰው በጥዋት ዐርፎ ከመጣ ሰው ጋር እኩል እጅ የለውም። ስለዚህ ውድድሩ የሚካሄድበት ሰዓት፣ የእጀታው ልክ፣ የሙከራው ብዛትና የዕረፍቱ ርዝመት አስቀድሞ ተጽፎ ለሁሉም ሊነገር ይገባል።

ጾታና ዕድሜም በምድብ መለየት አለባቸው። በ12 የብሪታንያ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንተና የወንዶች የመጨበጥ ጉልበት ከ29 እስከ 39 ዓመት ባለው ዕድሜ አማካይ ጣሪያው 51 ኪሎ ግራም፣ የሴቶች ደግሞ ከ26 እስከ 42 ዓመት ባለው ዕድሜ 31 ኪሎ ግራም መሆኑን አሳይቷል፤ ከመካከለኛ ዕድሜ በኋላ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። እነዚህ ቁጥሮች የሌላ አገር ሰዎች ቁጥሮች ስለሆኑ የዲላን ነዋሪ ደካማ ወይም ብርቱ ብሎ ለመፈረጅ አያገለግሉም፤ ቁመት፣ የእጅ ስፋት፣ የልጅነት አመጋገብና የሥራ ዓይነት ሁሉ ቁጥሩን ይለውጡታል። የሚያስተምሩት ነገር ግን አለ፤ የ60 ዓመት አዛውንት ከ30 ዓመት ጎልማሳ ጋር፣ ሴትም ከወንድ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ሊሰፍሩ አይገባም።

ውድድሩ ከፉክክር ያለፈ ዋጋ የሚኖረው ቁጥሩ ወደ ጤና ሲሻገር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው፣ በ17 አገሮች የሚኖሩ ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ጎልማሶችን የተከታተለው ጥናት የመጨበጥ ጉልበት በ5 ኪሎ ግራም በቀነሰ ቁጥር በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። ይህ ማለት የእጅ ድካም ራሱ ይገድላል ማለት ሳይሆን፣ የተደበቀ በሽታ፣ የምግብ እጥረት ወይም የጡንቻ መመንመን በእጅ ላይ ቀድሞ ሊታይ ይችላል ማለት ነው። በአውሮፓ ሳርኮፔኒያን፣ ማለትም ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የጡንቻ መድከምና መመንመን፣ ለመጠርጠር በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው መመሪያ ለወንድ ከ27፣ ለሴት ከ16 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ውጤትን እንደ ምልክት ይወስዳል። በመሆኑም በውድድሩ መጨረሻ ላይ የተገኘው ሰው ውጤት ከመጀመሪያው ሰው ውጤት ያነሰ ትኩረት ሊያገኝ አይገባም፤ አንድ እጁ ከሌላው እጅግ የደከመ፣ ሌሊት ጣቱ የሚደነዝዝ ወይም ሲጨብጥ አንጓውን የሚያመው ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ሊነገረው ይገባል። ለዓመታት በፍቀትና በጭመቃ የደከመ እጅ ላይ በአንጓው ያለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጡ ሲያብጥ ነርቩ ስለሚጨቆን፣ መደንዘዙ የእርጅና ዕዳ ተደርጎ ዝም ሊባል አይገባም።

ጉዳትን መከላከልም የአዘጋጁ ግዴታ ነው። ትንፋሽን አፍኖ በሙሉ ኃይል መጨበጥ የደም ግፊትን ለጊዜው በእጅጉ ስለሚያሻቅብ፣ ግፊቱ በሕክምና ያልተስተካከለ ሰው፣ በቅርቡ የዓይን ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው መወዳደር የለበትም፤ ሌላውም እየተነፈሰ እንዲጨብጥ መነገር አለበት። በአንጻሩ ከሙሉ ጉልበት 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ለሁለት ደቂቃ ይዞ፣ ዐርፎ መድገም፣ ይህም በሳምንት ጥቂት ቀናት ለሳምንታት ሲዘወተር የደም ግፊትን ለመቀነስ እንደሚረዳ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ግፊት ያለበት ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር ሊጀምረውና መድኃኒቱንም ሊያቋርጥ አይገባም። የክንድ ትግል ደግሞ ሰውነት ወደ አንድ ወገን ክንድ ወደ ሌላው ሲጠማዘዝ የላይኛውን ክንድ አጥንት ሊሰብር ይችላል። በገመድ ጉተታ ገመድን በእጅ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ መከልከል አለበት፤ በ1997 እ.ኤ.አ. በታይፔ ከተማ በሺዎች በሚቆጠር ሰው ሲጎተት የነበረ ገመድ ተበጥሶ የሁለት ሰዎችን ክንድ ቆርጧል። የእንሰት ቃጫ ገመድ በቤት ሥራ የተመሰከረለት ቢሆንም፣ ለብዙ ሰው ጉተታ ግን አቅሙ የታወቀና ለዚሁ የተዘጋጀ ገመድ መጠቀም ይገባል።

ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ጡንቻ ከጅማት ቀድሞ እንደሚጠነክር ማወቅ አለበት፤ ጉልበቱ በሳምንታት ውስጥ ሲጨምር ጅማቱ ገና ወራት ይፈልጋል፣ ስለዚህ በየቀኑ በሙሉ ኃይል መለማመድ ወደ ሕመም ይወስዳል። ቀን እያሳለፉ መለማመድ፣ ጣትን ከማጠፍ ጋር መዘርጋትንም ማዳበር፣ በሥራ እጁ የደከመበትን ቀን ደግሞ ለዕረፍት መተው ይሻላል። የጌዴኦ ገበሬና የእንሰት ባለሙያ ሴት ሥራቸው ራሱ ልምምድ ስለሆነ፣ ለእነርሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጭነት ሳይሆን በቂ ዕረፍትና ምግብ ነው።

በዲላና በዞኑ ወረዳዎች የሚገኙ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ የስፖርት ሳይንስ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ይህን ውድድር ሲያዘጋጁ ሦስቱን የጭበጣ ዓይነቶች ለየብቻ ያወዳድሩ፤ ሴቶችንና አዛውንቶችን በየምድባቸው ይጋብዙ፤ ደንቡን አስቀድመው በጽሑፍ ያውጡ፤ ከመሣሪያው ጎን የደም ግፊት መለኪያ ያስቀምጡ፤ የተገኘውንም ቁጥር በጥንቃቄ መዝግበው በየዓመቱ ያነጻጽሩ። እንዲህ ከተደረገ ዞኑ ከሌላ አገር ሰንጠረዥ ሳይሆን ከራሱ ሰዎች እጅ የተገኘ መመዘኛ ይኖረዋል፤ ይህም ለአሸናፊው ከሚሰጠው ዋንጫ ይልቅ ለሕዝቡ የሚጠቅም ውጤት ነው።