መኪናው በሦስት ሲሊንደር ሲሠራ ከዋጋው ላይ ስንት ይቀነሳል?

አንድ ያገለገለ አውቶሞቢል ለሽያጭ ቀርቦ ሞተሩ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ሻጩ «ካንዴላ ብቻ ነው፣ በአንድ ሰዓት ይስተካከላል» ይላል። ገዥው ይዞት የመጣው መካኒክ በበኩሉ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ዋጋው በእጅጉ እንዲወርድ ይመክራል። ደላላው መሐል ገብቶ ልዩነቱን ለሁለት ለማካፈል ይሞክራል። ከሦስቱ አንዳቸውም ግን ምንም አልለኩም። ተመሳሳዩ መንቀጥቀጥ ከአንዲት ካንዴላ እስከ ሙሉ የሞተር እድሳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ሳይለካ የሚቆረጥ ዋጋ አንዱን ወገን መጉዳቱ አይቀርም።

ጉዳዩ በአገራችን ገበያ ክብደት እያገኘ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በመሆኑም ለሽያጭ የሚቀርበው የቤንዚን መኪና በአብዛኛው እዚሁ ሲነዳ የቆየ ነው፤ የሞተሩ ጤንነትም የዋጋው ዋነኛ ክፍል ሆኗል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ምሳሌ ያደረጉት ይህንኑ የአሮጌ መኪና ገበያ ነበር። ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ ካላወቀ፣ ገዥው ለሁሉም መኪና የሚሰጠው ዋጋ ይወርዳል፤ የደህና መኪና ባለቤቶችም ከገበያው ይወጣሉ። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ሲካፈሉ የተጠቀሰላቸው ሥራ ይኸው ነው። መድኃኒቱ መረጃ ነው፤ በሲሊንደር ጉዳይ መረጃው ደግሞ በግማሽ ቀን ሊገኝ ይችላል።

ሦስት ነገሮች፣ ሦስት ዋጋዎች

አንድ ሲሊንደር በአግባቡ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነሱም በጊዜው የሚፈነጥቅ እሳት፣ በልኩ የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፣ እንዲሁም በቂ እመቃ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሲሊንደሩ ይሞታል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አንዱ ሲሞትበት ቢያንስ ሩብ ጉልበቱን ያጣል፤ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይለግማል፣ ቤንዚንም ይበላል።

ከወጪ አንፃር ሦስቱ እኩል አይደሉም። የእሳት ጉድለት በካንዴላ፣ በገመድ ወይም በቦቢና ቅያሬ ያልቃል። የነዳጅ ጉድለት ኢንጀክተር ማጠብ ወይም መቀየር ሊጠይቅ ይችላል። የእመቃ ጉድለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቴስታታ ማስወረድ፣ ሲብስም ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ማስፈታት ነው። ስለዚህ ምርመራው ከርካሹ ተነስቶ ወደ ውዱ ይሄዳል።

የሞተውን ሲሊንደር ማግኘት

በዘመናዊ መኪኖች መመርመሪያ መሣሪያ ሲሰካ ሲሊንደሩ በቁጥር ይታወቃል። ፒ0301 የመጀመሪያው፣ ፒ0304 አራተኛው ሲሊንደር መሳቱን ሲያሳዩ፣ ፒ0300 ደግሞ ችግሩ በአንድ ሲሊንደር እንዳልተወሰነ ያመለክታል። እንዲህ ሲሆን የሁሉም የጋራ የሆኑትን፣ ለምሳሌ የቤንዚኑን ጥራት፣ የነዳጅ ፓምፑን ወይም የአየር ማስገቢያውን ማየት ይቀድማል። መሣሪያ በሌለበት የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ተራ በተራ መንቀል ይቻላል፤ ሲነቀል በሞተሩ ድምፅ ላይ ለውጥ ያላመጣው ሲሊንደር አስቀድሞ የሞተው ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም። ለየሲሊንደሩ የራሱ ቦቢና ባለው ሞተር፣ የሦስተኛው ቦቢና ወደ አንደኛው ይዛወራል። ኮዱ ከፒ0303 ወደ ፒ0301 ከተዛወረ ጥፋቱ የቦቢናው ነው። ካልተዛወረ ካንዴላው በተመሳሳይ መንገድ ይፈተናል። የካንዴላው መልክም ይናገራል። ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ሲጠቁም፣ በዘይት መራሱ ደግሞ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ ማለቁን ያመለክታል።

ዋጋውን የሚወስነው መለኪያ

እሳቱና ነዳጁ ደህና ከሆኑ የሚቀረው እመቃውን መለካት ነው። ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ ነዳጅና እሳት ይቋረጣሉ፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ጥግ ተረግጦ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል። መለኪያው በየሲሊንደሩ የሚያሳየው ቁጥር ይመዘገባል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ገዥ ሊስተው የሚችል ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ወለል 12 ባር የሚያሳይ ጤናማ ሞተር እዚህ 9 ገደማ ሊያሳይ ይችላል። የአምራቹን ቁጥር ብቻ አይቶ «ሞተሩ ደክሟል» ማለት ስህተት ነው። ዋናው ነገር ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፤ አንዱ ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከሆነ ያሰጋል።

በደከመው ሲሊንደር ጥቂት የሞተር ዘይት ተጨምሮ ሲለካ ቁጥሩ ከጨመረ ጥፋቱ የፋሻ ነው። ካልጨመረ ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታ ጋስኬት ያመለክታል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ጋስኬቱ ነው።

ገዥ ልብ ሊለው የሚገባ

ሞተሩ ገዥው ከመድረሱ በፊት እንዳይሞቅ መጠየቅ ይገባል፤ አንዳንድ ጉድለት የሚታየው በብርድ ሲነሳ ብቻ ነውና። ባትሪ ተነቅሎ ኮድ ሊጠፋም ይችላል። ይህ በቅርቡ የተደረገ ከሆነ ግን መሣሪያው የመኪናው የራስ ፍተሻ እንዳልተጠናቀቀ ስለሚያሳይ አይደበቅም። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ መንዳትም ኪሳራ ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማጣሪያውን አግሎ ሊያቀልጠው ይችላል፤ የካንዴላ ወጪ የነበረውም የማጣሪያ ወጪ ይሆናል።

ከዚህ ምርመራ ሻጩም ይጠቀማል። የአራቱን ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ይዞ የቀረበ ባለመኪና፣ ለካንዴላ ጉድለት የሞተር እድሳት ዋጋ አይቀነስበትም። ደላላውም ቢሆን ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ማስለካት ይጠቅመዋል፤ ሊብሬ ከዞረ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናልና።