በኮርኒስ ውስጥ ስለሚቀበሩ የኤሌክትሪክ መብራቶች

ከጥቂት ዘመን ወዲህ ቤት የሚያሠሩ ብዙ ሰዎች መብራቱን ከኮርኒስ ማንጠልጠል ትተው፥ ኮርኒሱን በክብ እየቀደዱ አምፖሉን በቀዳዳው ውስጥ ማስቀበር ወደዋል። ቤቱ በዚህ ያምራል፤ ብርሃኑም በክፍሉ ሁሉ ይደርሳል። ነገር ግን የሚያምረው ፊቱ ለሁሉ ሲታይ፥ ሽቦውና መጋጠሚያው ያለበት ጀርባው ከኮርኒስ በላይ ተሰውሮ ይቀራል። በዚያ የተፈጸመ ስሕተት ኮርኒሱ ከተዘጋ በኋላ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ በጢስ ነው። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ከዚያ ኮርኒስ በታች ሕፃናት ተኝተዋል። ስለዚህ መምህራንና ሽማግሌዎች ሠራተኛው ኮርኒሱን ሳይዘጋው ምን መጠየቅና ምን መመልከት እንደሚገባ ያውቁ ዘንድ ነገሩን በአጭሩ እንገልጻለን።

አስቀድሞ የሙቀቱን ነገር እንመልከት። ተንጠልጥሎ የሚበራ አምፖል ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ይሰጣል። የተቀበረው ግን ሙቀቱን የሚልከው ከኮርኒስ በላይ ወዳለው ጠባብ ስፍራ ነው። በውስጡ የጋለ ክር ያለበት አምፖል፥ ሃሎጂን የሚባለውም ጭምር፥ ከሚወስደው ኀይል የሚበዛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ወደ ብርሃን የሚለወጠው ጥቂቱ ብቻ ነው። በአገራችን ቤቶች ደግሞ በዚያ ስፍራ የሚገኘው ምንድን ነው ቢሉ፥ በፀሐይ የጋለ ቈርቈሮ፥ የደረቀ የባሕር ዛፍ እንጨት፥ አቧራ፥ የወፍ ጎጆና አይጥ የሰበሰበው ገለባ ነው። እሳት ለመነሣት ከዚህ የሚበልጥ ዝግጅት አያሻውም።

ስለዚህ ለሚቀበር መብራት ኤል ኢ ዲ የሚባለውን መምረጥ ይሻላል። 50 ዋት የሚወስደው ሃሎጂን የሚሰጠውን ያህል ብርሃን፥ ይህ በ7 ዋት ገደማ ይሰጣል። ሆኖም ኤል ኢ ዲ ምንም አይሞቅም ማለት አይደለም። ኀይሉን የምታስተካክልለት ትንሽ ሣጥን አየር ካጣች ቶሎ ትበላሻለች። መብራቱ ከላዩና ከዙሪያው ከእንጨት ምን ያህል እንዲርቅ እንደሚገባ ከዕቃው ጋራ በሚመጣው ወረቀት ተጽፏልና፥ ወረቀቱን ሳያነቡ መጣል አይገባም።

ኮርኒሱ ከአቡጀዴ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተሠራ ከሆነ ግን መብራት አይቀበርበትም። ጨርቅም ከረጢትም ሙቀት አይችልምና። እንዲህ ባለ ቤት መብራቱ በእንጨቱ ላይ በደንብ ታስሮ ወደ ታች ቢንጠለጠል ይበጃል።

ሁለተኛው ነገር መጋጠሚያው ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ብዙ ሰው እሳት የሚነሣው መብራት ሲበዛ ነው ብሎ ያስባል። እስቲ በሒሳብ እንየው፤ መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ሊያስረዱት ይችላሉ። ዋቱን በቮልቱ ብናካፍል አምፔሩን እናገኛለን። እያንዳንዳቸው 7 ዋት የሚወስዱ 8 መብራቶች በጠቅላላው 56 ዋት ናቸው፤ 56 ለ220 ሲካፈል ሩብ አምፔር ገደማ ይሆናል። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ግን 10 አምፔር ያለ ችግር ይሸከማል። እንግዲህ ሽቦው በጭነት አልደከመም። ታዲያ ሙቀቱ ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ከላላው መጋጠሚያ ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ሲጠቀለል፥ ናስትሮው በሙቀት ብዛት ይደርቃል፥ ሙጫውም ይለቃል፤ ሽቦውም እየላላ ይሄዳል። ኀይሉ በዚያች ጠባብ መንገድ ሲታገል ያግላታል፤ አንዳንድ ጊዜም ብልጭታ ይፈጥራል። ይልቁንም ይህ መጋጠሚያ በአንድ መስመር ላይ ምድጃና መብራት አብረው ሲሆኑ ይብሳል።

ፊውዝ ወይም ብሬከር አያድነንምን የሚል ቢኖር፥ መልሱ እንዲህ ነው። እነዚህ ዘበኞች የሚነቁት ከልክ በላይ የሆነ አምፔር ሲያልፍ ነው። የላላ መጋጠሚያ ግን በልኩ አምፔር እየነደደ ሊሰነብት ይችላል፤ ዘበኛው አንዳች ነገር አይሰማም። ስለዚህ መጋጠሚያ ሁሉ በቪስ በሚጠብቅ ማያያዣ ታስሮ፥ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ሣጥኑም መብራቱ ሲወጣ በቀዳዳው እጅ አስገብቶ ለማየት የሚመች ይሁን። ሽቦው አይጥ እንዳይቀረጥፈውና ጣራ ሲያፈስስ እንዳይርስ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሂድ፤ በመብራቱ ጀርባ ላይም አይተኛ።

ዘበኛው ሁሉን አይጠብቅም ብለን እርሱን መናቅ ግን አይገባም። ለመብራት መስመር 10 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ፊውዝ በተቃጠለ ቍጥር በወፍራም ሽቦ እየጠቀለሉ መመለስ፥ ዘበኛውን አስሮ ለሌባ በር እንደ መክፈት ነው።

ሦስተኛው ነገር ሰውን ከመያዝ ማዳን ነው። ማብሪያው የሚያቋርጠው ኀይል የሚመጣበትን ሽቦ፥ ፌዝ የሚባለውን፥ መሆን አለበት። ኒውትራሉን ያቋረጠ እንደ ሆነ መብራቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን አምፖል የሚለውጠውን ሰው 220 ቮልት ይጠብቀዋል። አካሉ ብረት የሆነ መብራት ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ የሆነው የመሬት ሽቦ ይታሰርለት። የመሬት ሽቦ የማይሻው፥ በሣጥን ውስጥ ሣጥን የሚመስል ምልክት ያለበት ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ኀይል ወደ መሬት ሲያመልጥ በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ በቈጣሪው አጠገብ ቢደረግ፥ ብዙ ነፍስ ያድናል።

12 ቮልት የሆነው መብራት አያቃጥልም የሚሉም አሉ። እርግጥ ሰውን ክፉኛ አይዝም። ነገር ግን 50 ዋት ለ12 ሲካፈል ከ4 አምፔር ይበልጣል፤ በ220 ቮልት ቢሆን ሩብ አምፔር እንኳ አይሞላም ነበር። አምፔር ሲበዛ የላላ መጋጠሚያ አብዝቶ ይግላልና፥ በዚህ መብራት ጥንቃቄው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ይህን የምንጽፈው አንባቢ ራሱ ሽቦ እንዲነካ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቍጥር 810 የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ባለው ሰው እንዲሠራ ያዝዛል፤ ስለ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታም የአገሪቱ የሕንፃ ደንብ ቍጥር 10 ተጽፏል። የባለቤቱ ድርሻ መጠየቅና መመልከት ነው። እንግዲህ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ሠራተኛውን እነዚህን ይጠይቁት። የብቃት ወረቀትህ የት አለ? መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሣጥን ውስጥ ናቸውን? ማብሪያው የሚያቋርጠው ፌዙን ነውን? የመሬት ሽቦው እስከ መብራቱ ደርሷልን? ከመብራቱ በላይ ያለው ገለባና አቧራ ተጠርጓልን? ደኅና ሠራተኛ በዚህ አይቈጣም፤ ይልቁንም መሰላሉን አቁሞ ያሳያል። ኀይሉን ከዋናው ማጥፊያ አጥፍቶና በቴስተር መርምሮ ሥራውን የሚጀምር መሆኑንም ልብ ይበሉ።

ከገቡ በኋላም መብራቱ ብልጭ ድርግም ቢል፥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቢሸት፥ በቀዳዳው ዙሪያ ኮርኒሱ ቢጠቍር፥ ያን መስመር አጥፍቶ ሠራተኛ መጥራት ይገባል እንጂ ነገ እናየዋለን ማለት አይገባም።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት የሚታየውን እሳት አይተው ነው። ከኮርኒስ በላይ ያለው ግን አይታይምና፥ ቅጠሉን ማዘጋጀት የሚገባው ኮርኒሱ ክፍት ሳለ ነው።